ስድስት ጊዜ ያሸነፈችው ወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ

ቢራዎንግ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ
ማርች 3 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ለሜርል ካትካርት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጌታ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። እኔ፣ ባለቤቴ ግራሃምና ልጆቹ ከሙቀቱና ከዝንቡ በስተቀር በሁሉም ደህና ነን። እናቴ አምና ስታርፍ የላኩልኝ የማጽናኛ ካርድ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያዬ አልወረደም። እርስዎና እሷ የአክስትና የአጎት ልጆች ሆናችሁ ሳለ እኔና እርስዎ አንድም ቀን ዓይን ለዓይን አለመተያየታችን ያሳዝነኛል።

ዛሬ የጻፍኩት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የቢራዎንግ የሴቶች የጎልፍ ሻምፒዮና በመጪው ኦገስት ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል። እኔ እዚህ ተድሬ ከመጣሁ ገና አሥር ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም የሴቶቹ ጸሐፊ ስለሆንኩ የሻምፒዮናውን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እንዳወጣ ኃላፊነቱ ተጣለብኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሜርል በወጣትነቷ ቢራዎንግ ኖራለች፣ ጎልፍም ትሞክር ነበር ትለኝ ነበር። ከዚያ በላይ ስጠይቃት ወሬ ትቀይርብኝ ነበር። ከዚያ ዘመን የሚያስታውሱት ነገር ወይም የተቀመጠ ፎቶግራፍ ካለዎት ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሥራው እንደፈራሁት ከባድ አልሆነም። የክበባችን ሊቀ መንበር አቶ ክላይቭ ሃዶው፣ አዳራሹ ውስጥ ከተሰቀለው ባለወርቅ ፊደል ሰሌዳ ላይ አሸናፊዎቹን ቆጥረው ሰጥተውኛል። አቻ የሌላት ሻምፒዮን ስድስት ጊዜ ያሸነፈችው ወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ ናት። አዲሱ ዋንጫም በስሟ ሊሰየም ተወስኗል። በሕይወት ያለች ጎረቤታችን ስለሆነች ደስታችን እጥፍ ነው። ምናልባት እርስዎም ያውቋት ይሆን?

አክባሪዎ፣
ኖሪን ፓስኮ


ዱኒደን፣ ኒው ዚላንድ
ማርች 19 ቀን 1984

ለልጄ ለኖሪን፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አንቺንም ቤተሰብሽንም እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኔ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው፤ ሁሌም ዝናብ ነው።

ደብዳቤሽን ቁርስ ላይ ከፍቼ ሻዩ እፊቴ በረደ። ያውቋት ይሆን ብለሽ ጠይቀሽኛል። አዎ ልጄ፣ አውቃታለሁ። ወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ እኔ ነኝ።

ነበርኩ ማለቴ ነው፤ ከ1946 እስከ 1957 ድረስ። እናትሽ ወሬ ትቀይርብሽ የነበረው ለዚህ ነው። ባሌን ትቼ በባቡር ወጣሁ። አልደበደበኝም፣ እኔም ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ ቢራዎንግ ውስጥ እንዲያ ያለ ምክንያት መሄድ ከመደብደብ የባሰ ሐፍረት ነው። ዘመዶቻችን ስሜን ማንሳት ተዉ። አሌክ ሁለት ዓመት ቆይቶ የትምህርት ቤቱን መምህርት አይቪ ሶረንሰንን አገባ፤ እሷም በተራዋ ወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ ተባለች። ያገባች ሴት ሰሌዳው ላይ የምትጻፈው በባሏ ስም ነው። እኔንም እንደዚያ ጻፉኝ፣ እሷንም እንደዚያ ጻፏት። አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አራትና ሃምሳ አምስት የእኔ ናቸው። የአይቪ ስልሳ አንድ ብቻ ናት። ሊቀ መንበርሽ ሁለት ሴቶችን አንድ ላይ አጣብቆ አንድ ሻምፒዮን ሠራ።

አሌክ ደግሞ በዘመኑ አሸነፈ ከተባለ በእርሻ ትርኢት ላይ በአውራ በግ ነው፤ እሱንም ቢሆን ያሸነፈው በጉ ነው።

ታሪክ ካልሽ ታሪኩን እኔ ልንገርሽ። በ1934 ኤልሲ ግራንትና ስድስት ጓደኞቿ ሻምፒዮናውን ሲጀምሩ የወንዶቹ ክበብ ረቡዕን ሰጣቸው፤ ቅዳሜ የወንዶች ነበር። እንደምታውቂው እዚያ አገር ለስላሳ ሣር አይበቅልም፣ ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ዙሪያ የሚደለደለው አሸዋ ነው። አሸዋውን ነፋስ እንዳይወስደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምናጠጣው እኛ ሴቶች ነበርን፤ ዓርብ ዓርብ፣ ለወንዶቹ ቅዳሜ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጓንት አጥልቀን የምንሄደው ለወግ እንዳይመስልሽ፤ ጥፍራችን ውስጥ የገባው ዘይት አልለቅ ብሎን ነው። ጦርነቱ መጥቶ ወንዶቹ ሲዘምቱ ሜዳውን በግ እያስጋጡ፣ አሸዋውን እየደለደሉ ያቆዩት ኤልሲና ጓደኞቿ ናቸው። ያን ጊዜ ቅዳሜም ይጫወቱ ነበር። ወንዶቹ ሲመለሱ አመስግነው ቅዳሜያቸውን ወሰዱ።

ኤልሲ ግራንት ራሷ ሰሌዳው ላይ ወይዘሮ ሄክተር ግራንት ናት። ሄክተር ጎልፍን የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ነበር።

መጽሐፍሽ ላይ ሜርል ካትካርት ብለሽ ጻፊ። ሌላ ምንም አልለምንሽም። ፎቶግራፍ አለኝ፤ እርማቱን ስታሳዪኝ እልክልሻለሁ።

መልካሙን ሁሉ የምትመኝልሽ፣
ሜርል


ቢራዎንግ
ሜይ 30 ቀን 1984

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የስንዴ ዘር ወቅት ነው፣ ልጆቹንም ጆሮ ደግፍ ይዟቸው ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ያዘገየኝ ግን እሱ አይደለም።

የጻፉልኝን ዓመታት ለኮሚቴው አነበብኩ። አቶ ክላይቭ ሳቁ። እሳቸው እዚህ የመጡት በሰባዎቹ ዓመታት ስለሆነ የሚያውቁት ሰሌዳውን ብቻ ነው።

"ወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ ስድስት ጊዜ አሸንፋለች ተብሎ ተጽፏል፤ ይሄ ውሸት ነው?" አሉኝ። ውሸት ነው እንዳልል ሰሌዳው አለ፣ እውነት ነው እንዳልል እርስዎ አሉ።

የከፋኝ ግን የአሮጊቶቹ ነገር ነው። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። አንዳቸው ጣሪያውን፣ አንዳቸው ሹራብ ሥራቸውን ሲያዩ ቆዩ። በኋላ ዕቃ ስናጥብ አንዲቱ ጠጋ ብለው አቶ አሌክ ልባቸውን እንደታመሙ፣ ሜዳውም በእሳቸው መሬት ላይ መሆኑን አስታወሱኝ። በቁማቸው ደስ ብሏቸው በዓሉን ያክብሩ፣ ከዚያ ይደረሳል አሉኝ። ወይዘሮ አይቪም እዚያው ነበሩ። ለሁላችንም ሻይ ቀድተው፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እባክዎ አይቀየሙኝ፤ አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። "የሃርግሬቭ ቤተሰብ ሴቶች ስድስት ጊዜ አሸንፈዋል" ብዬ ባልፈውስ? ከእውነቱ አልወጣም፣ ሰውም አይቀየምም። ፎቶግራፉንም ቢልኩልኝ ስም ሳልጽፍበት አወጣዋለሁ።

በመጨነቅ ላይ ያለችው፣
ኖሪን


ዱኒደን
ጁን 9 ቀን 1984

ለኖሪን፣

ሰላም ለቤትሽ። ደህና ነኝ።

ተቀይሜያለሁ። የሃርግሬቭ ቤተሰብ ሴቶች አልሽኝ? በጎቹም የሃርግሬቭ ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ ምልክት አለባቸው። እኔን ከነሱ ጋር ልትነጂኝ ነው?

ስለ ሃምሳ አራቱ ፍጻሜ ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ሰው አይቀየምም ትይኝ እንደሆነ አያለሁ። ረቡዕ ዘንቦ ውድድሩ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ተላለፈ፤ ወንዶቹ ጨዋታ እስኪጀምሩ ጨርሱ ተባልን። ተጋጣሚዬ አይቪ ነበረች። ያን ጊዜ ገና አላገባችም። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ ጨርሰን እኩል ወጣን፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ተመልሰን አንድ ጉድጓድ መጨመር ነበረብን። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው እዚያ ቆመዋል። አንዱም ፈቀቅ አላለም። አንዱ እንዲያውም "ምሳ አይሠራም እንዴ ዛሬ?" ብሎ ሌሎቹን አሳቀ። በመሃላቸው አልፈን መታን። አሸዋው ላይ ስንደርስ የኳሴን መንገድ እንደ ደንቡ በአሸዋ መደልደያው አስተካክዬ አገባሁ። አይቪ ሳተች፤ ከንፈሯን ነክሳ እጄን ጨበጠችኝ። ያጨበጨበ ግን የለም።

ከዚያ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወንዶቹ እንኳን ደስ ያለህ እያሉ አሌክን ከበቡት። እሱም ወደ መጠጥ ቤቱ ይዟቸው ገብቶ ለሁሉም ቢራ አዘዘ። ሴት እዚያ አትገባም ነበር። እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ዋንጫውን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ለምን ሄድሽ ለሚሉኝ ሁሉ የማልመልሰው መልስ ይሄ ነው፤ ሲነገር ትንሽ ነገር ይመስላልና። ትንሽ አይደለም። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፣ ዛሬም አልረሳሁትም።

አይቪ ሻይ ቀድታ ዝም አለች ትይኛለሽ። ቤቴን ወሰደች፣ ስሜን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ራሷ ላይ የተቀዳጀሁትን ድል ልትወስድ ነው። አሌክን ትውሰድ፤ እግዚአብሔር ያበርታት። ድሌን ግን አልሰጣትም።

ፎቶግራፉን አልክም። እውነቱን የማትጽፊ ከሆነ አንቺም አትጻፊልኝ።

ሜርል ካትካርት


ቢራዎንግ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1984

ለተከበሩና ለተበደሉ አክስቴ፣

አትጻፊልኝ ብለውኝ እያለ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ጌታ ጤናዎን ይስጥዎ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሚያነቡበት ትዕግሥትም ይስጥዎ።

የጁኑ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አዳራሽ ሄጄ ሰሌዳው ሥር ቆምኩ። አምና ሻምፒዮን የሆንኩት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ስሜን ላሳያት ትንሿን ልጄን እዚያ ወስጃት ነበር። ወይዘሮ ግራሃም ፓስኮ የሚለውን አንብባ "እማዬ፣ አባባ ጎልፍ ይጫወታል እንዴ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ስቄ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። ግራሃም የጎልፍ ዱላ የሚያነሳው እባብ ሊገድልበት ነው።

ኮሚቴውን ሰብስቤ እውነቱ ካልተጻፈ መጽሐፉን አላወጣም አልኳቸው። እሺ ብለው መከሩ። ምን እንዳደረጉ ሲሰሙ እንዳይታመሙብኝ። ሰሌዳ ጻፊ አስመጥተው፣ በእርስዎ አምስት ዓመታት ጎን "አንደኛዋ"፣ በስልሳ አንዱ ጎን "ሁለተኛዋ" ብለው በወርቅ ቀለም አስጻፉ። ዋንጫው የወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ ዋንጫ ይባላል፣ ሁለቱንም ያጠቃልላል፣ በሕይወት እዚህ ያለችው ትቀበለዋለች ተባለ። አቶ ክላይቭ ፍርዳቸው ሰለሞንን ያስንቃል ብለው ሳያምኑ አልቀሩም። ዞር ዞር እያሉ ሲያዩት ነበር።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ዓርብ ወይዘሮ አይቪ ቤቴ መጡ። ሜርል የጻፈችውን አሳዪኝ አሉኝ። ስለ እሳቸው ያለውን ቦታ ስለማውቅ ልደብቅ ፈለግሁ፤ እጃቸውን ዘርግተው አልሰበስብ አሉ። ቆመው ሁሉንም አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቤቷን ወስጃለሁ፣ እውነቷን ነው፣ መጋረጃውን እንኳ አልቀየርኩትም አሉ። ደብዳቤዎቹን መልሰውልኝ ወጡ። እኔም ነገሩ ያከተመ መሰለኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። አቶ አሌክ ከፊት ረድፍ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። አቶ ክላይቭ ተናግረው ተናግረው ዋንጫውን አነሱና "ወይዘሮ አሌክ ሃርግሬቭ!" ብለው ጠሩ። ወይዘሮ አይቪ ተነሱ፤ መድረኩ ላይ ግን አልወጡም። ካሉበት ሆነው ወደ ሰሌዳው ጠቆሙ። የተናገሩትን እንደሰማሁት ልጻፍልዎ።

"በሃምሳ ሁለት፣ በሃምሳ አራትና በሃምሳ አምስት ፍጻሜ ላይ ሜርል ካትካርት አሸንፋኛለች። እናንተ ግን እኔን አሸናፊ አድርጋችሁ ጻፋችሁኝ። ታዲያ ማንን ነው ያሸነፍኩት? ራሴን?"

ሰው ሳቀ። አቶ ክላይቭም ቀልድ መስሏቸው ሳቁና፣ "ወይዘሮ ሃርግሬቭ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አሉ።

"የትኛዋን ነው የምትለው? አንደኛዋን ወይስ ሁለተኛዋን?"

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። አቶ አሌክ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይሄ ቤት የሚነገር ነገር ነው አሉ።

"ቤትማ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ነገርኩህ" አሉ ወይዘሮ አይቪ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "እኔ አይቪ ሶረንሰን ነኝ። አንድ ጊዜ አሸንፌያለሁ፣ ሦስት ጊዜ ተሸንፌያለሁ። ለሦስቱም እጄ እስኪላጥ ተጫውቻለሁ፤ ማንም አልተሸነፈልኝም። የእሷን ድል ለእሷ ስጡ። የእኔን ሽንፈት ደግሞ ለእኔ መልሱልኝ።"

አክስቴ፣ እዚህ አገር ድግስ ሲኖር እያንዳንዷ ሴት የሠራችውን በሳህን ይዛ እንደምትመጣ ያውቃሉ። ሳንድዊቹም፣ ኬኩም፣ የሥጋ ጥቅልሉም ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ነበር። ወይዘሮ አይቪ ሄደው የራሳቸውን ሳህን አነሱ። ቀጥዬ እኔ አነሳሁ። ከዚያ ያኔ ዕቃ ስናጥብ የመከሩኝ አሮጊት ተነሱና የሎሚ ኬካቸውን ከአቶ ክላይቭ ፊት ወሰዱት፤ አቶ ክላይቭ ቢላዋ ይዘው ቀሩ። አንድም ሴት አልቀረችም። ሜዳው ጥግ ባለችው የሴቶች ቆርቆሮ ቤት ተጨናንቀን ቁጭ ብለን ራሳችን በላነው። ወንዶቹ በዓላቸውን በሻይና በወተት ፈጸሙ። ግራሃም ማታ ሲገባ እኔ ምን አጠፋሁ ይለኛል። ምንም አልኩት፤ እንቁላል ጠብሶ በላ።

ነገሩ ተፈታ ብዬ አልዋሽዎትም። አቶ አሌክ መሬቴን እነጥቃለሁ ብለው ዝተዋል። ሰሌዳው ለእድሳት ተብሎ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር የለም። አቶ ክላይቭ መጽሐፉ ከአዳራሹ እንዳይሸጥ ስለከለከሉ ረቡዕ ረቡዕ ከመኪናዬ ኋላ እየሸጥኩት ነው። አሸናፊዎቹ በሙሉ እናቶቻቸው ባወጡላቸው ስም ተጽፈዋል፤ የኤልሲ ግራንትን የአባት ስም ፍለጋ የመቃብር ቦታ ድረስ ሄጃለሁ። ከእያንዳንዷ አሸናፊ ሥር ደግሞ ወይዘሮ አይቪ እንደጠየቁት በፍጻሜው የተሸነፈችው ሴት አለች። ከእርስዎ ስም ሥር የእሳቸው ስም ሦስት ጊዜ ወጥቷል። አንድ ቅጂ ልኬልዎታለሁ።

የሚኮራብዎት ዘመድዎ፣
ኖሪን ትሬሊስ (ፓስኮ ግራሃም ነው)


ዱኒደን
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1984

ለልጄ ለኖሪን፣

ጤናና ሰላም ከቤትሽ አይራቅ። ለአይቪም ጤና ይስጣት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ግን ከልቤ ናት።

መጽሐፉ ደርሶኛል። ስለ እሷ የጻፍኩትን አንስቻለሁ፤ ስለ አሌክ የጻፍኩት እንዳለ ይቆይ። መሬቴን እነጥቃለሁ ካለ ይንጠቅ። አሸዋና ዘይት የትም አለ፤ አሸዋ መደልደል የምታውቁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ሰሌዳውንም እየለመናችሁ አታስመልሱ። ሰሌዳ የእንጨት ነው፣ ሌላ ይገዛል።

ያናደደኝን ግን ልንገርሽ። እዚህ ተቀምጬ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሜን የሰረቀችው እሷ ናት እያልኩ ስንገበገብ፣ እሷም እዚያ በእኔ መጋረጃ ሥር ተቀምጣ ስሟን ስትፈልግ ኖራለች። አንድ የፖስታ ቴምብር በሚፈታው ነገር ሁለት ሴቶች አረጀን። ይህን ማን ይመልስልን? ክላይቭ ከነቢላዋው? አሁንም ስጽፍ ደሜ ይፈላል፤ ሐኪሜ ደብዳቤ መጻፍ ተዪ ብሎኛል።

ፎቶግራፉን ልኬልሻለሁ። የሃምሳ አራቱ ነው። ሁለታችንም አለንበት፤ ለሁለተኛው እትም አውጪው።

ለመጪው ኦገስት ደግሞ መዝግቢኝ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም ደህና አይደለም፤ ግን እዚህ በየሳምንቱ እጫወታለሁ፣ ቅዳሜንም ጨምሮ። ሜርል ካትካርት ብለሽ ጻፊ። የማን ሚስት ናት ብለው ከጠየቁሽ የማንም በያቸው።

ዕጣው ላይ እጅሽን አስገቢና ከአይቪ ጋር አድርጊኝ። እንደማልምራት ንገሪያት። ሦስቱ ሽንፈቶቿ እኔ ዘንድ በክብር ተቀምጠዋል፤ አራተኛ ከፈለገች ራሴ ይዤላት እመጣለሁ።

ሜርል